ያልበላችሁት ምሳ ከደመወዝ ሲቆረጥ፦ የጋራ ክስ ከሀ እስከ ፐ

አሜሪካ ውስጥ በነርሲንግ ሆም፣ በግሩፕ ሆም ወይም በሆም ኬር የምትሠሩ ከሆነ ነገሩን ታውቁታላችሁ። 8 ሰዓት ሙሉ ቆማችሁ ትሠራላችሁ፣ ፔይ ስታቡ ላይ የሚመጣው 7 ሰዓት ተኩል ነው። ግማሽ ሰዓቷ "የምሳ" ተብላ ተቆርጣለች። ምሳው ግን የለም። አንዷን ነዋሪ እያጎረሳችሁ የሌላው ጥሪ መብራት ይበራል። የሚተካችሁ ሰው የለም። ምግባችሁ ማይክሮዌቭ ውስጥ ቀርቶ እናንተ ኮሪደር ላይ ናችሁ፣ ኮምፒውተሩ ግን "በልተዋል" ብሎ ቆርጦ ጨርሷል።

ብዙዎቻችን "የሥራው ጠባይ ነው" ብለን እናልፈዋለን። ሕጉ እንደዚያ አይልም። ገንዘቡን ለማስመለስ ከሚያስችሉት መንገዶች አንዱ ከሥራ ባልደረቦች ጋር ሆኖ የሚቀርብ የጋራ ክስ ነው። እንዴት እንደሚሄድ ከታች በቅደም ተከተል አለ። የእያንዳንዱ ሰው ጉዳይ የራሱ መልክ ስላለው፣ ይህን አንብባችሁ ጠበቃ ጋ መሄዳችሁ አይቀርም። ቢያንስ ባዶ እጃችሁን አትሄዱም።

ደረጃ 1፦ ጉዳዩ ክስ የሚሆን መሆኑን እዩ

የፌዴራሉ ሕግ በ1938 የወጣው ኤፍ.ኤል.ኤስ.ኤ (FLSA) የሚባለው የደመወዝና የሥራ ሰዓት ሕግ ነው። ይህ ሕግ አሰሪውን "ምሳ ስጥ" ብሎ አያስገድደውም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የሚለው ሌላ ነው፦ የምሳ ሰዓቱን ካልከፈልክ፣ ሠራተኛው በዚያ ሰዓት ከሥራ ሙሉ በሙሉ ነፃ መሆን አለበት። አብዛኛውን ጊዜ 30 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ መሆን ይኖርበታል። ከ5 እስከ 20 ደቂቃ የሚሆን አጭር እረፍት ደግሞ እንደ ሥራ ሰዓት ተቆጥሮ ይከፈላል።

"ሙሉ በሙሉ ነፃ" ሲባል ግን ልክ አለው። ከሕንፃው አትውጡ መባላችሁ ብቻውን ምሳውን ሥራ አያደርገውም። ሬዲዮ ወይም ስልክ ይዛችሁ መቀመጣችሁ ብቻም ብዙ ጊዜ አይበቃም። በርካታ ፍርድ ቤቶች የሚጠይቁት ያ ግማሽ ሰዓት በዋናነት ለማን ጥቅም ዋለ የሚለውን ነው። በየቀኑ ሁለቴ ሦስቴ እየተጠራችሁ የምትነሱ ከሆነ ወይም ነዋሪዎችን እየጠበቃችሁ የምትበሉ ከሆነ መልሱ ግልጽ እየሆነ ይመጣል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ፤ ብዙ ኬዝ የሚወድቀው እዚህ ነው። የፌዴራሉ ሕግ የሚጠብቀው ሁለት ነገር ነው፦ በሰዓት 7.25 ዶላር የሆነውን ዝቅተኛ ክፍያ እና በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራችሁት ኦቨርታይም። ከላይ ያልኩትን ሠራተኛ ውሰዱ። በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን ትሠራለች። የተከፈላት 37 ሰዓት ተኩል ነው፣ የሠራችው 40። ከ40 አላለፈችም። በሰዓት 18 ዶላር የሚከፈላት ከሆነ የሳምንቱ ክፍያ ለ40 ሰዓት ሲካፈልም ከ7.25 በላይ ነው። ስለዚህ በፌዴራሉ ሕግ በኩል የምትይዘው ነገር አይኖራትም፤ የስቴቷን ሕግ መፈለግ አለባት።

ጓደኛዋ ደግሞ በቀን 8 ሰዓት ተኩል ትቆያለች፣ የተከፈላት 40 ሰዓት ነው። የእሷ የተቆረጠ ምሳ በሳምንት 2 ሰዓት ተኩል ይሆናል፣ ሁሉም ከ40 በላይ ነው። በ18 ዶላር ሒሳብ ኦቨርታይሙ በሰዓት 27 ዶላር ነው። በሳምንት 67 ዶላር ከ50። በ50 ሳምንት 3,375። በሁለት ዓመት 6,750። ሕጉ በመርህ ደረጃ የቀረውን ገንዘብ ያህል ተጨማሪ ካሳ ስለሚያስከፍል ወደ 13,500 ዶላር ይደርሳል። ሁለቱም አንድ ፎቅ ላይ ነው የሚሠሩት። ልዩነቱ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሆስፒታሎችና ነርሲንግ ሆሞች ከሠራተኛው ጋር አስቀድመው ከተስማሙ፣ ኦቨርታይምን በሳምንት 40 ሰዓት ፈንታ በቀን ከ8 ሰዓት ወይም በ14 ቀን ከ80 ሰዓት በላይ ብለው ማስላት ይችላሉ። የእናንተ ቤት የትኛውን እንደሚጠቀም ፔይ ስታባችሁን ወይም የሠራተኛ መመሪያውን እዩ። ሒሳቡ ይለወጣል።

ሆም ኬር ላይ ለሆናችሁ፦ በ2013 የወጣና በ2015 ሥራ ላይ የዋለ ደንብ በኤጀንሲ የተቀጠሩ የቤት ተንከባካቢዎችን በኦቨርታይም ጥበቃ ሥር አስገብቷል። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር (ዲፓርትመንት ኦፍ ሌበር) በ2025 ይህንን ለመቀልበስ ሐሳብ አቅርቧል። ስለዚህ ጠበቃ ስታገኙ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ "ደንቡ ዛሬ ምን ላይ ነው?" ይሁን። በቀጥታ በቤተሰቡ የተቀጠራችሁ ከሆነ ደግሞ ድሮም ጥበቃው የላላ ነው።

ደረጃ 2፦ የስቴታችሁ ሕግ ከፌዴራሉ ሊበልጥ ይችላል

ካሊፎርኒያ ያላችሁ እድለኞች ናችሁ። እዚያ ከ5 ሰዓት በላይ ለሠራ ሰው የ30 ደቂቃ የምሳ እረፍት ግዴታ ነው። ካልተሰጣችሁ፣ ለዚያ ቀን የአንድ ሰዓት ተጨማሪ ክፍያ ይገባችኋል። የጤና ሠራተኞች በረዥም ሺፍት ላይ ከሁለቱ ምሳዎች አንዱን በጽሑፍ መተው ስለሚችሉ ግን ሥራ ስትገቡ ምን እንደፈረማችሁ ተመልከቱ። ዋሽንግተን ስቴትም ከ5 ሰዓት በላይ ለሚሠራ የ30 ደቂቃ ምሳ ያዛል፤ በምሳው ላይ ሥራ ላይ ሁኑ ከተባላችሁ ሊከፈላችሁ ይገባል።

ኒው ዮርክ የራሷ ጉድ አላት። የ24 ሰዓት ሺፍት የሚሠሩ የቤት ተንከባካቢዎች ለ13 ሰዓት ብቻ ሊከፈላቸው ይችላል፤ 8 ሰዓት ለእንቅልፍ፣ 3 ሰዓት ለምግብ ተብሎ ይቀነሳል። የስቴቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2019 ይህን አሠራር አጽድቆታል። ግን በቅድመ ሁኔታ ነው፦ 5 ሰዓት ያልተቋረጠ እንቅልፍ እና ነፃ የምግብ ጊዜ በእርግጥ መገኘት አለበት። ሌሊቱን ሙሉ ታማሚ ሲያገላብጥ ያደረ ሰው እንቅልፉን "ተኝቷል" ተብሎ ሊቆረጥበት አይገባም።

ቨርጂኒያ፣ ዲሲ፣ ቴክሳስ እና ጆርጂያ ለአዋቂ ሠራተኛ የምሳ እረፍት የሚያስገድድ ሕግ የላቸውም። ሜሪላንድም ለእንክብካቤ ሠራተኛ የላትም። ያ ማለት ግን ባዶ ናቸው ማለት አይደለም። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ደመወዝ ያልከፈለ አሰሪን የሚቀጡ ጠንካራ ሕጎች አሏቸው፤ ሜሪላንድ ውስጥ እስከ ሦስት እጥፍ ሊፈረድ ይችላል፣ ቨርጂኒያም አሰሪው እያወቀ ካደረገው ሦስት እጥፍ ትላለች። የመጀመሪያዋ ሠራተኛ፣ ያቺ ከ40 ያላለፈችው፣ ተስፋዋ እዚህ ነው።

ደረጃ 3፦ ዛሬ ማታ መጻፍ ጀምሩ

ከሁሉም ደረጃ ይሄ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ጠበቃ ከመፈለጋችሁ በፊት፣ ለማንም ከመናገራችሁ በፊት ጻፉ።

ርካሽ ደብተር ይበቃል። ቀኑን፣ የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት፣ ምሳ መብላት አለመብላታችሁን፣ ካልበላችሁ ለምን እንደሆነ፣ ለማን እንደነገራችሁ ጻፉ። "ሐሙስ፣ ሁለት ሰው ቀርቶ ነበር፣ ብሬክ የለም፣ ለቻርጅ ነርሷ ነገርኳት፣ 'ምን ላድርግ' አለች" ዓይነት አንድ መስመር በቂ ነው። በአማርኛ ብትጽፉትም ችግር የለውም፣ ይተረጎማል። በየቀኑ የተጻፈ ነገር ክብደት አለው፤ ከዓመት በኋላ ተሰብስቦ የተጻፈ ግን የመስቀለኛ ጥያቄ ምግብ ነው።

የታማሚ ስም አትጻፉ። ቻርት ፎቶ አታንሱ። የታማሚ መረጃ ይዞ መውጣት እናንተኑ ከሥራ ሊያስባርር ይችላል፣ አሰሪውም የሚፈልገው ሰበብ ይሄው ነው። "ክፍል 12" ማለትም አያስፈልግም፤ "ነዋሪ ወድቆ" ይበቃል። ሱፐርቫይዘርን በድብቅ መቅዳትም እንዲሁ። ሜሪላንድ፣ ካሊፎርኒያ እና ዋሽንግተን ስቴት የግል ንግግርን ለመቅዳት የሁሉንም ተናጋሪ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ሳትጠይቁ አትቅዱ።

ቀጥሎ የምለው ደግሞ ማንም የማይነግራችሁ ነገር ነው። ብዙ ተቋማት "ምሳ ካልበላችሁ ይህን ቅጽ ሙሉ" የሚል ወረቀት ወይም በሰዓት መቆጣጠሪያው ላይ የሚጫን ቁልፍ አላቸው። ማንም አይሞላውም። በ2012 የስድስተኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አንዲት የድንገተኛ ክፍል ነርስ ያቀረበችውን ልክ እንዲህ ያለ ክስ ውድቅ አድርጎታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ያልበላችውን ምሳ የምታስመዘግብበት መንገድ ነበር፣ አልተጠቀመችበትም፣ አሰሪውም ማወቁ አልተረጋገጠም። በራሱ የሚቆርጥ ሲስተም መኖሩ ብቻውን ሕገወጥ አይደለም።

ስለዚህ ቅጹ ካለ ሙሉት። በየጊዜው ሙሉት። ቅጂ ያዙ። ሱፐርቫይዘሯ "እባክሽ ይህን ነገር አትሙዪ፣ ከላይ እኔን ነው የሚቆጡኝ" ካለች ደግሞ እሰየው፤ ቀንና ሰዓቱን ደብተሩ ላይ አስፍሩት። ቅጽ እንዳትሞሉ መከልከል ወይም ማስፈራራት ኬዙን ወደ እናንተ የሚያዞር ነገር ነው። ቅጽ ከሌለ አጭር ቴክስት ላኩ፦ "ዛሬም ብሬክ አላገኘሁም፣ 30 ደቂቃው እንዳይቆረጥ ይስተካከልልኝ።" ጨዋ መልእክት ነው። አሰሪው አላውቅም እንዳይል ያደርጋል።

ከዚያ ፔይ ስታቦቻችሁን አውርዱ። ሥራ ስትለቁ ድረ ገጹ ሊዘጋባችሁ ይችላል። አሰሪው የደመወዝ መዝገብ 3 ዓመት፣ የሰዓት መዝገብ ደግሞ 2 ዓመት የማስቀመጥ ግዴታ አለበት። መዝገቡ ከጠፋ ወይም ትክክል ካልሆነስ? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1946 የወሰነው ነገር ዛሬም ይሠራል፦ አሰሪው በትክክል ካልመዘገበ፣ ሠራተኛው ምክንያታዊ በሆነ ግምት የሠራውን ሰዓት ማስረዳት ይችላል። ደብተራችሁ ያኔ ወርቅ ይሆናል። የጥሪ መብራቱ መዝገብ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ቻርት ያደረጋችሁበት ደቂቃ፣ የሆም ኬር አፑ የያዘው ሰዓትና ቦታ፣ እነዚህን ጠበቃው በኋላ በፍርድ ቤት በኩል ያስወጣቸዋል። እናንተ አትንኩ።

ደረጃ 4፦ ሰው ጋር ተነጋገሩ

የጋራ ክስ የሚያስፈልገው "ተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ያሉ" ሠራተኞችን ነው። ሥራ መደባችሁ አንድ ዓይነት ባይሆንም፣ አንድ የመቁረጥ ፖሊሲ ከነካችሁ ይበቃ ይሆናል። የሌሊቱ ሺፍት እንዴት ነው? ሁለተኛው ቅርንጫፍስ? የለቀቁት ሰዎችስ? የቀድሞ ሠራተኞችም ከሳሽ መሆን ይችላሉ፣ የሚፈሩት ነገርም ያነሰ ነው።

ስለ ደመወዝ ከባልደረባ ጋር መነጋገር በ1935ቱ የፌዴራል የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ የተጠበቀ መብት ነው፤ ሱፐርቫይዘሮችና በቀጥታ በቤተሰብ የተቀጠሩ ግን በዚህ ሕግ አይሸፈኑም። በመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል አታድርጉት።

የእኛ ሰው ሌላ ጭንቀት አለበት። ሥራውን ያስገባችው የአክስት ልጅ ወይም የቤተ ክርስቲያን ጓደኛ ናት። "ያስገባችኝን አላሳፍራትም" ይላል። እውነት ነው፣ ይከብዳል። ግን ክሱ የሚቀርበው በድርጅቱ ላይ ነው፣ አንዳንዴም በባለቤቶቹ ላይ። አገናኝታችሁ ያስቀጠረቻችሁ ሰው አትከሰስም። እንዲያውም የእሷም ምሳ እየተቆረጠ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 5፦ የፈረማችሁትን ወረቀት ፈልጉ

ሥራ ስትገቡ በታብሌት ላይ ፈርሙ፣ ፈርሙ የተባላችሁት ውስጥ የግልግል ዳኝነት ውል ሊኖር ይችላል። "ክርክር ካለኝ ፍርድ ቤት አልሄድም፣ በጋራም አልከስም" የሚል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018 እንዲህ ያለው ውል ይጸናል ብሏል። ካለባችሁ የጋራ ክሱ በር ሊዘጋባችሁ ይችላል። በግል ግልግል ገንዘቡን መጠየቅ ግን አይዘጋም፣ የሠራተኛ ሚኒስቴሩም በዚያ ውል አይታሰርም። አንዳንዱ ውል በተወሰኑ ቀናት ውስጥ "አልፈልግም" ብሎ መውጣት ይፈቅዳል። አዲስ ሥራ የጀመራችሁ ካላችሁ አሁኑኑ አንብቡት።

ደረጃ 6፦ ሚኒስቴሩ ወይስ ጠበቃ?

የሠራተኛ ሚኒስቴር የደመወዝና የሰዓት ክፍል ቁጥሩ 1-866-487-9243 ነው። ነፃ ነው፣ አስተርጓሚ ያገናኛሉ፣ ስማችሁንም በምስጢር ይይዛሉ። የመኖሪያ ወረቀታችሁ ጉዳይ የሠራችሁበትን ገንዘብ የመጠየቅ መብታችሁን አይነካም። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። እዚያ አቤቱታ ማስገባት ይርጋውን፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜ ገደቡን፣ አያቆመውም። በእነሱ በኩል የተከፈለ ገንዘብ ተቀብላችሁ ከፈረማችሁ ደግሞ በዚያው ጉዳይ መክሰስ አትችሉም።

ጠበቃ ከሆነ፣ ለሠራተኛ ወገን የሚቆም እና የደመወዝ ኬዝ የሚይዝ ይሁን። የመኪና አደጋ ጠበቃችሁ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ ይሄ ግን ሥራው አይደለም። አብዛኞቹ ቅድሚያ አይጠይቁም፤ ካሸነፉ ከሚገኘው ድርሻ ይወስዳሉ፣ ሕጉም ተከሳሹን የጠበቃ ወጪ ያስከፍላል። እነዚህን ጠይቁት፦ ብንሸነፍ ወጪውን ማን ይሸፍናል? ስንት በመቶ ነው? ስሜ የሚቀርበው መጀመሪያ ላይ ነው ወይስ ከሌሎቹ ጋር? ፈቃዴን መቼ ታስገባለህ? የመጨረሻውን ጥያቄ እንዳትረሱ፤ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ነው።

ደረጃ 7፦ የፈቃድ ወረቀቷ

በፌዴራሉ የጋራ ክስ ማንም በራሱ አይገባም። ከሳሽ ለመሆን ፈርማችሁ፣ የፈረማችሁት ወረቀት ፍርድ ቤት መግባት አለበት። ስሙ ክሱ ላይ የተጻፈው ሰው ራሱ ይህን ወረቀት ማስገባት ይኖርበታል። በስቴት ሕግ የሚቀርበው የቡድን ክስ ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው፦ አልፈልግም ካላላችሁ ውስጥ ናችሁ።

ይርጋው 2 ዓመት ነው። አሰሪው እያወቀ ወይም ሕጉን ከቁብ ሳይቆጥር ካደረገው 3 ዓመት። የሚቆጠረው የእያንዳንዳችሁ ወረቀት ፍርድ ቤት ከገባበት ቀን ወደ ኋላ ነው፤ ባልደረባችሁ ከከሰሰችበት ቀን አይደለም። ክሱ በጥር ተከፍቶ እናንተ በጥቅምት ብትፈርሙ የዘጠኝ ወር ምሳ ከኋላ ይረግፋል። በየሳምንቱ አንድ ሳምንት ይሞታል። የስቴት ይርጋ ሊረዝም ይችላል፤ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ 3 ዓመት፣ ኒው ዮርክ 6 ዓመት።

ለሌሎቹ ሠራተኞች ክሱን የሚያሳውቅ ደብዳቤ እንዲላክ የሚወስነው ዳኛው ነው። መስፈርቱ እንደ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቱ ወረዳ ይለያያል። ቴክሳስን የሚያካትተው አምስተኛው ወረዳ በ2021፣ ኦሃዮና ቴነሲን የሚያካትተው ስድስተኛው በ2023 ጠበቅ አድርገውታል። የ2023ቱ ክስ ራሱ የሆም ኬር ሠራተኞች ክስ ነበር። ማጣራቱ ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ ሰዓቱም ይቆጥራል። ስለዚህ ደብዳቤ አትጠብቁ። ክስ መኖሩን ከሰማችሁ ጠበቃውን ራሳችሁ ደውሉለት።

ደብዳቤው ሲመጣም የማስታወቂያ ወረቀት መስሏችሁ እንዳትጥሉት። የፍርድ ቤቱ ስምና የኬዝ ቁጥር አለው፤ ደውላችሁ አጣሩ። ለመግባት ገንዘብ ክፈሉ የሚላችሁ ካለ አጭበርባሪ ነው።

ደረጃ 8፦ ክሱ ሲሄድ

አሰሪው ቂም ይዞ ሰዓት ቢቀንስ፣ ሺፍት ቢቀይር፣ ቢያባርር ሌላ ጥፋት ነው። ሕጉ ቅሬታ ያቀረበን ሰው ከበቀል ይጠብቃል፤ በ2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቃል የቀረበ ቅሬታም ይጠበቃል ብሏል። በቀል አይደርስም ማለቴ አይደለም። ይደርሳል። የሆነውን በዚያው ደብተር ጻፉና በማግስቱ ለጠበቃችሁ ንገሩ።

የተወሰኑ ሰዎች በመሐላ ቃል እንዲሰጡ ይጠራሉ። እንግሊዝኛችሁ ለሥራ ቢበቃም አስተርጓሚ ጠይቁ። እኛ ሰው እንዳይከፋው "እሺ፣ አዎ" እያልን የመስማት ልማድ አለን። እዚያ ክፍል ውስጥ "አዎ" መልስ ነው፣ ይመዘገባል። "አንዳንዴ ምሳ ትበሉ ነበር አይደል?" ሲባል፣ አንዳንዴ በልታችሁ ከሆነ አዎ በሉ፤ ስንት ጊዜ እንዳልበላችሁም ጨምሩ። አለማስታወስ ነውር አይደለም። ማጋነን ግን የሁሉንም ኬዝ ይጎዳል።

ደረጃ 9፦ ገንዘቡ

አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ክሶች በስምምነት ያልቃሉ። ብዙ ፍርድ ቤቶች ስምምነቱን አይተው ካላጸደቁት አይጸናም፤ ሠራተኛ ይህን መብቱን በጓሮ በር እንዲሸጥ አይፈለግም። አሰሪው ለብቻችሁ ጠርቶ "ይህችን 500 ዶላር ውሰጂና ፈርሚ" ካለ ለጠበቃ ሳታሳዩ አትፈርሙ። ስምምነቱ ከሙሉ ሒሳቡ ማነሱ የተለመደ ነው። የጠበቃው ድርሻና ወጪው ይቀነሳል። ተከራክራችሁ ብታሸንፉም አሰሪው በቅን ልቦና አደረግኩት ብሎ ዳኛውን ካሳመነ ያ እኩል ተጨማሪ ካሳ ሊቀር ይችላል።

ቼኩ ብዙ ጊዜ ለሁለት ይከፈላል። የደመወዙ ክፍል ታክስ ተቆርጦለት በደብሊው-2 ይመጣል። የካሳው ክፍል ሳይቆረጥለት በ1099 ይመጣል፤ ታክሱን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ለታክስ ሠሪያችሁ ሁለቱንም ስጡት፣ ከካሳውም ጥቂት አስቀምጡ። የጋራ ክስ ዓመታት ሊወስድ ይችላል፣ እስከዚያ ቤት ትቀይራላችሁ፣ ስልክ ትቀይራላችሁ። በቀየራችሁ ቁጥር ለጠበቃው ቢሮ አዲሱን አድራሻ በጽሑፍ ላኩ። ቼኩ ላይ የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል፤ ከዚያ በፊት ባንክ አስገቡት።